ውድሮው ዊልሰን እውነት የፉትቦል አሰልጣኝ ነበር?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጄ፣ አንድ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥልጣን ከመያዙ በፊት ምን ይሠራ እንደነበር ጽፎ እንዲያቀርብ ታዘዘ። የመረጠው ውድሮው ዊልሰንን ነው። አንዱ ቦታ ‹የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰርና የእግር ኳስ አሰልጣኝ ነበር› ይላል። ሌላው ‹ዋና አሰልጣኝ› ያደርገዋል። ሦስተኛው ጭራሽ አያነሳውም። እኔ የማውቀው የመንግሥታት ማኅበርን ያሰበ ሰው መሆኑን ብቻ ነው። የኢኮኖሚክስ መምህር እንዴት ኳስ ያሰለጥናል? ይከፈለው ነበር? የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ ያቋቋመውስ በዚያ ሙያው ነው? ልጄ ምን ብሎ ይጻፍ?»

መልስ፦

ከቃሉ እንጀምር። ልጅዎ ያነበበው ስለ አሜሪካ ፉትቦል ነው። እርስዎ ሲተረጉሙት እግር ኳስ ሆነ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ግን የስታዲየም ጨዋታ በዓይነ ሕሊናዎ ከመጣ የቀረው ሁሉ ይዛባል። ዛሬ እሑድ እሑድ በቴሌቪዥን የሚያዩትን ፉትቦልም አያስቡ። በ1889 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኳስ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር። የተፈቀደው በ1906 ነው። ቡድኑ በ3 ሙከራ 5 ያርድ መግፋት ነበረበት፤ ዛሬ በ4 ሙከራ 10 ያርድ ነው። አንድ ታችዳውን (ኳሱን ከተጋጣሚ የመጨረሻ መስመር አሻግሮ ማድረስ) 4 ነጥብ ያስገኝ ነበር። ጨዋታው ሁለት የ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አለው። የራስ መከላከያ የለም። 11 ወጣት 11 ወጣት ላይ ተደራርቦ ይገፋል፣ ይጎትታል፣ ይወድቃል። አቧራ፣ ጭቃና የተሰበረ አጥንት ነበር።

አሁን ወደ ሰውየው። ያነበባችሁት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ግማሽ እውነቶች አሉ። «የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። «አሰልጣኝ» የሚለውም እንደዚያው። ሁለቱም የሳቱት በተመሳሳይ ምክንያት ነው፦ የዛሬን ቃል ወስደው በ1880ዎቹ ሰው ላይ ለጠፉ። ያኔ ሁለቱም ሙያዎች ገና ቅርጽ አልያዙም ነበር።

ዊልሰን በታኅሣሥ 1856 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ስታንተን ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ ነበሩ። ያደገው በጆርጂያና በሳውዝ ካሮላይና ነው። ማንበብ የቻለው ዘግይቶ፣ ወደ 10 ዓመቱ ገደማ ነበር። ልጅዎ ይህን እንዳይዘለው፤ ጥሩ ታሪክ ነው። እኔን ግን ከሁሉም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ኦገስታ ውስጥ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የቤዝቦል ክለብ አቋቋሙ። ሌላው ልጅ ዱላና ኳስ ሲፈልግ እሱ ለክለቡ ሕገ ደንብ ጻፈ። ስብሰባው በሥርዓት እንዲመራ አደረገ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ይጠቅመናል።

አንድ ዓመት በዴቪድሰን ኮሌጅ ከቆየ በኋላ በ1875 ዛሬ ፕሪንስተን ወደምንለው ኮሌጅ ገባ። ስሙ ያኔ ኮሌጅ ኦፍ ኒው ጀርሲ ነበር። የመጀመሪያው የኮሌጆች ፉትቦል ግጥሚያ በራትገርስና በፕሪንስተን መካከል ከተደረገ ገና 6 ዓመቱ ነው፤ ኅዳር 6 ቀን 1869 ነበር። ዊልሰን በቡድኑ ውስጥ አልተጫወተም። በ1878 ግን የፉትቦል ማኅበሩ ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። የቤዝቦል ማኅበሩንም በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በተጨማሪም የተማሪዎቹ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ጸሐፊ ማለት ማስታወሻ የሚይዝ ብቻ አይደለም። ጨዋታ ማቀናጀት፣ ገንዘብ መሰብሰብ፣ የጉዞ ጣጣ፣ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር መደራደር፣ ሁሉም በተማሪ ጫንቃ ላይ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ «ዊልሰን በፕሪንስተን ፉትቦል ተጫውቷል» ብሎ እንዳይጽፍ። አላደረገም።

ከዚያ ሕግ አጠና፣ አትላንታ ውስጥ ጥብቅና ሞከረ፣ አልሆነለትም። በ1883 ጆንስ ሆፕኪንስ ገብቶ በ1886 ዶክትሬቱን አገኘ። ዶክትሬት ያለው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። በመካከሉ፣ በ1885፣ ኤለን አክሰንን አገባ። በዚያው ዓመት አዲስ በተከፈተው የሴቶች ኮሌጅ፣ ብሪን ማር፣ ማስተማር ጀመረ። እዚያ ደስተኛ አልነበረም፤ ስለ እሱ ሌላ ጊዜ።

ለጥያቄዎ ዋናው ቦታ ሚድልታውን ነው። ኮነቲከት ውስጥ፣ በወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። ዊልሰን በ1888 መስከረም መጣ፣ በ1890 ሄደ። ሁለት ዓመት ብቻ! የያዘው ወንበር «የታሪክና የፖለቲካል ኢኮኖሚ ፕሮፌሰር» ይባላል። «ኢኮኖሚክስ» የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው።

ፖለቲካል ኢኮኖሚ ያኔ ራሱን ችሎ የቆመ ሙያ አልነበረም። ሃርቫርድ እንኳ ለዚህ ትምህርት ለብቻው የፕሮፌሰር ወንበር የሰጠው በ1871 ነው፤ ለቻርልስ ደንባር። የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማኅበር የተመሠረተው በ1885 ነው። አነስተኛ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሰው ታሪክ፣ መንግሥት፣ ሕግና ኢኮኖሚ ደባልቆ ያስተምር ነበር። ዊልሰንም ይህንኑ አደረገ። ባዶ እጁን አልመጣም። ሆፕኪንስ ውስጥ ያስተማረው ሪቻርድ ኢላይ በዘመኑ ስሙ የገነነ ኢኮኖሚስት ነው። ኢላይ ስለ አሜሪካ የኢኮኖሚ አስተሳሰብ ታሪክ መጽሐፍ ሲያቅድ ዊልሰን አንዱን ክፍል ጽፎለታል። መጽሐፉ ሳይታተም ቀረ። የዊልሰን ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር። በ1885 ያሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮንግረስ አሠራር ነው። በ1887 የጻፈው ስለ መንግሥት አስተዳደር ነው፤ የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ያጠና ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዌስሊያን እያለ የጨረሰው ትልቅ ሥራም ስለ መንግሥታት አወቃቀር ነው። በኋላም በፕሬዚዳንትነት የመራው የሙያ ማኅበር የኢኮኖሚስቶቹን ሳይሆን የፖለቲካ ሳይንቲስቶቹን ነው። ባጭሩ፣ ኢኮኖሚ ያስተማረ የፖለቲካ ሊቅ ነው። ኢኮኖሚስት አልነበረም።

ፉትቦሉስ? የዌስሊያን ቡድን ያኔ ከሃርቫርድ፣ ከዬል፣ ከፕሪንስተንና ከፔንሲልቬኒያ ጋር በአንድ ማኅበር ውስጥ ይጫወት ነበር። ትንሽ ኮሌጅ ከግዙፎቹ ጋር። ውጤቱን መገመት አይከብድም። ዊልሰን በመጣበት በ1888 መኸር ዬል ዌስሊያንን 105 ለ 0 ደበደበው። የዬል ቡድን በዚያ ወቅት በአጠቃላይ 698 ነጥብ አስቆጥሮ አንድም አልተቆጠረበትም። እንግዲህ ዌስሊያን ብቻውን አልተዋረደም፤ ከነጥቡ ግን ወፍራሙን ድርሻ የተሸከመው እሱ ነው።

ዊልሰን ይህን ቆሞ ማየት አልቻለም። በ1889 የፉትቦል ማኅበሩ የበላይ ቦርድ አባል ሆነ። ሜዳ እየወጣ ልምምዱን ይከታተል ነበር። ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ስለ አጨዋወት ስልት ይነጋገር ነበር። ከመጫወታችሁ በፊት ሽንፈትን አትቀበሉ እያለ ያደፋፍራቸው እንደነበር የዚያ ዘመን ተማሪዎች አስታውሰዋል። ይህን ሁሉ ማን ቢያደርገው ዛሬ «አሰልጣኝ» እንለዋለን። ያኔ ግን ቡድኑን የሚመራው ካፒቴኑ ነው። ካፒቴኑ ተማሪ ነው። ማን ይሰለፍ፣ ምን ይጫወቱ፣ መቼ ይለማመዱ፣ ውሳኔው የእሱ ነበር። ከውጭ የሚመጣው ምክር የሚሰጥ ወዳጅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ተጫዋች፣ አንዳንዴም እንደ ዊልሰን ያለ መምህር።

የዘመኑ ዋና የፉትቦል አእምሮ ዋልተር ካምፕ እንኳ በዬል ተቀጥሮ አልሠራም። ቀን ቀን የሰዓት ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ነበረው። ልምምዱን እየሄደች አይታ ማታ የምትነግረው ሚስቱ አሊስ ነበረች። እሷ ደግሞ የማን እህት መሰለችዎ? የዬሉ የፖለቲካና የማኅበራዊ ሳይንስ ፕሮፌሰር፣ ፖለቲካል ኢኮኖሚም ያስተምር የነበረው የዊልያም ግራሃም ሰምነር። ኢኮኖሚክስና ፉትቦል በአንድ ገበታ መቀመጣቸው ያኔ የሚያስገርም ነገር አልነበረም ለማለት ነው።

ስለዚህ ደመወዝን በተመለከተ፣ ዊልሰን የሚከፈለው ለማስተማሩ ነው። ሜዳው የትርፍ ጊዜ ፍቅሩ ነበር። አሰልጣኝነት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማዕረግና ደመወዝ ያለው ሥራ ሆኖ በግልጽ የታየው በ1892 ነው፤ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ አሞስ አሎንዞ ስታግን በፕሮፌሰርነት ደረጃ ሲቀጥር። «ፕሮፌሰርና አሰልጣኝ» የሚለው ሙሉ በሙሉ የሚገባው ለስታግ ነው። የሱ ፕሮፌሰርነት ግን ለአካል ማጎልመሻ ነው እንጂ ለኢኮኖሚክስ አይደለም።

ልጅዎ ፍለጋውን ከቀጠለ የጃንጥላውን ታሪክ ማግኘቱ አይቀርም። እንዲህ ይላል፦ ዌስሊያን በምስጋና ቀን ከሊሃይ ጋር ሲጫወት ወደ ኋላ ቀርቷል። ደጋፊው ዝም ብሏል። ድንገት አንድ ሰው በዝናብ ልብስና በላስቲክ ቦቲ ከተመልካቹ መሃል ብድግ ብሎ ሜዳ ዳር ይወጣል። በጃንጥላው እየመታ፣ እየጮኸ ደጋፊውን ያስጨፍራል። ቡድኑ ነፍስ ይዘራል። ሰውየው ፕሮፌሰር ዊልሰን ነበር ይላሉ። ታሪኩን እወደዋለሁ። የተነገረው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዊልሰን ታዋቂ ከሆነ ወዲያ፣ በትዝታ ነው። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት ይባል የለ? ልጅዎ ሊጠቀምበት ከፈለገ «ሲነገር የኖረ ታሪክ» ብሎ ያስገባው። እንደ ማስረጃ አይጠቀምበት።

እኔ ብሆን ከጃንጥላው ይልቅ ሌላ ነገር አስገባ ነበር። በዚያው 1889 ዊልሰን ለተማሪዎቹ የክርክር ክበብ አቋቋመ። ስሙን የዌስሊያን የሕዝብ ምክር ቤት አለው፤ በእንግሊዝ ፓርላማ አምሳል። ተማሪዎቹ «ካቢኔ» ይመሠርታሉ፣ ሐሳባቸው በድምፅ ከተሸነፈ ካቢኔው ይወድቃል። አሁን የኦገስታውን ልጅ ያስታውሱ፤ ለቤዝቦል ክለብ ሕገ ደንብ የጻፈውን። የፕሪንስተኑን ጸሐፊም ይጨምሩበት። ሰውየው የሚወደው ማደራጀት ነው። ሰዎች በደንብ ተቀናጅተው አንድ ነገር ሲሠሩ ማየት ነው። ፉትቦሉን የወደደበት ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል።

ይህን ከእኔ ግምት በላይ የሚያሳይ ነገር አለ። በ1894 የካቲት፣ ፕሪንስተን ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ፣ ፊላደልፊያ ውስጥ በሕዝብ ፊት ተከራከረ። ርዕሱ ፉትቦል ይበረታታ ወይስ አይበረታታ የሚል ነበር። ተቃዋሚው የኮርኔሉ ፕሮፌሰር በርት ዋይልደር ነው። የዊልሰን ክርክር ባጭሩ ይህ ነው፦ ማንኛውም ስፖርት ትክክለኛነትን፣ ቆራጥነትን፣ የአእምሮ ንቃትንና ጽናትን ያስተምራል። ፉትቦል ሁለት ይጨምራል፤ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራትንና ራስን ለቡድን ማስገዛትን። ዊልሰን ስለ ፉትቦል ምን ያስብ እንደነበር ልጅዎ ከራሱ ከሰውየው ማግኘት ከፈለገ ወደዚህ ክርክር ይሂድ። በየቦታው በስሙ የሚለጠፉትን «አነቃቂ ጥቅሶች» ይተዋቸው። አብዛኞቹ መቼና የት እንደተባሉ የላቸውም።

በ1890 ፕሪንስተን ሲመለስ ወንበሩ «የሕግ ፍልስፍናና የፖለቲካል ኢኮኖሚ» ነበር። ብዙም ሳይቆይ የኢኮኖሚውን ትምህርት ዊንትሮፕ ዳንየልስ ለሚባል ወጣት አስረከበ፤ እሱ ራሱ ወደ ሕግና ፖለቲካ ዞረ። ማስረከቡ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ዊልሰን ሥልጣን ሲይዝ ዳንየልስን አልረሳውም። በ1914 የባቡር ታሪፍን በሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን ውስጥ ሾሞታል። ኢኮኖሚስት ሲያስፈልገው ኢኮኖሚስት ፈለገ።

ይህ ወደ ባንኩ ጥያቄዎ ይወስደናል። ማዕከላዊ ባንኩን ባቋቋመው የፌዴራል ሪዘርቭ ሕግ ላይ ዊልሰን የፈረመው ታኅሣሥ 23 ቀን 1913 ነው። ይህን ከዌስሊያን ክፍል ጋር በቀጥታ መስመር ማገናኘት ስህተት ነው። ሕጉን የነደፉት የኮንግረስ አባሉ ካርተር ግላስና አማካሪው፣ ኢኮኖሚስቱ ፓርከር ዊሊስ ናቸው። በሴኔት በኩል ሮበርት ኦወን ነበር። በላይ ያለው ቦርድ በባንክ ባለቤቶች ሳይሆን በመንግሥት እጅ መሆን አለበት የሚለውን ለዊልሰን አጥብቆ የመከረው ጠበቃው ሉዊስ ብራንዳይስ ነው። የዊልሰን ድርሻ እነዚህን ሰዎች ማስማማት፣ ኮንግረስን በበጋ ሙቀት ዋሽንግተን ማስቀመጥና ሕጉን ማሳለፍ ነበር። ትልቅ ድርሻ ነው። ግን የፖለቲከኛ ድርሻ ነው።

ፕሪንስተንን ከ1902 እስከ 1910 በፕሬዚዳንትነት ሲመራ ፉትቦሉ ራሱ ችግር ውስጥ ገባ። ልጆች ሜዳ ላይ ይሞቱ ነበር። በ1905 ቴዎዶር ሩዝቬልት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሀውስ ጠርቶ መከረ። ኮሎምቢያ ጨዋታውን አቆመ። ስታንፎርድና ካሊፎርኒያ ወደ ራግቢ ዞሩ። በ1909 እንደገና ሞት ሲበዛ ዊልሰን ከሃርቫርዱ ፕሬዚዳንት ሎዌልና ከዬሉ ፕሬዚዳንት ሃድሊ ጋር ስለ ደንቡ መለወጥ ተመካከረ። በ1910 በወጣው ደንብ ኳስ የያዘውን ተጫዋች ከኋላ መግፋትና መጎተት ተከለከለ። ጨዋታውም በአራት የ15 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ተከፈለ። ያን ደንብ ያወጣው ዊልሰን አይደለም፤ የደንብ ኮሚቴው ነው። ግን በ1889 ሜዳ ዳር የቆመው መምህር ከ20 ዓመት በኋላ ስለዚያው ጨዋታ ሲጨነቅ ማየት ለልጅዎ ጽሑፍ ጥሩ አንቀጽ ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ አለ፣ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ፕሮፌሰሩ፣ ተማሪ ወዳጁ፣ ጃንጥላ ይዞ የሚጨፍረው ሰው ደስ ይላል። ነገር ግን በእሱ አመራር ፕሪንስተን ጥቁር ተማሪ አልተቀበለም። ፕሬዚዳንት ከሆነ በኋላም በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ሠራተኞችን የመለያየቱ አሠራር በአስተዳደሩ ተስፋፋ። በ2020 ፕሪንስተን ስሙን ከሕዝብ ጉዳይ ትምህርት ቤቱ ላይ ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ራስን ለቡድን ስለማስገዛት የተናገረው ሰው ቡድኑ ውስጥ ማን እንደሚገባ ጠባብ ሐሳብ ነበረው። ልጅዎ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያነሳ መምህሩ ያከብረዋል። የእርስዎንም የመንግሥታት ማኅበር እንዳነሳ ይፍቀዱልኝ። ዊልሰን አገሩን ሊያስገባበት ያልቻለው ማኅበር ኢትዮጵያን በመስከረም 1923 በአባልነት ተቀበለ። እሱ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ የሞተው በየካቲት 1924 ነው።

እንግዲህ ምን ይጻፍ ላሉት፣ ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። «ዋና አሰልጣኝ» የሚለውን ይሰርዝ። በስሙ የተመዘገበ የአሸናፊነትና የተሸናፊነት ቁጥር ቢያገኝ አይጠቀምበት፤ የዚያ ዘመን ቡድን በካፒቴን የሚመራ ስለነበር ቁጥሩ በኋላ የተለጠፈ ነው። «ኢኮኖሚስት» የሚለውንም ያውጣ። በምትኩ ይህን በራሱ እንግሊዝኛ ይጻፍ፦ «ዊልሰን ከ1888 እስከ 1890 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ታሪክና ፖለቲካል ኢኮኖሚ አስተማረ፤ በትርፍ ጊዜውም ያለ ክፍያ የኮሌጁን የፉትቦል ቡድን በማደራጀትና በማሰልጠን ረዳ።» «ረዳ» የምትለዋን ቃል እንዳይዘላት። መምህሩ ጽሑፉ ላይ «አሰልጣኝ ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ ቀይ ምልክት ቢያደርግበት፣ በ1889 ቡድኑን የሚመራው ካፒቴኑ እንደነበር ያስረዳው።